ውስጡን እንዴት አየዋለሁ?

አውሮፕላን ውሃ ላይ እንዲያርፍ ከፈለጋችሁ ጎማውን ነቅላችሁ በምትኩ ሁለት ቀጫጭን ጀልባ ትገጥሙለታላችሁ። ጀልባዎቹ ፍሎት ይባላሉ። ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው። ጭንቁ የሚጀምረው «ከምን እንሥራቸው?» የተባለ ዕለት ነው። እኛ ይቺን ጥያቄ ይዘን ከጥቅምት እስከ መጋቢት ስንከራከር ከረምን።

«እኛ» የምለው ሦስት ሰው ነው። አንዱ ጋሼ ናቸው። ድሮ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ መካኒክ ነበሩ፤ አሜሪካ ከገቡ በኋላ ዕድሜያቸውን የጭነት መኪና መሪ ላይ ጨረሱት፤ ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ጋራዣቸው ውስጥ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን በእጃቸው ሠሩ። ሁለተኛዋ ልጃቸው ናት፤ የምታበረው እሷ ናት። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ሙያዬ ላሜራ ነው። አገር ቤት ብሆን ባትላሜራ ትሉኝ ነበር። እዚህ የምቀጠቅጠው የመኪና በር ሳይሆን የአውሮፕላን ቆዳ ስለሆነ ስሙ ትንሽ ከበር ይላል፤ መዶሻው ግን ያው መዶሻ ነው።

የምንኖረው ከሲያትል በስተደቡብ፣ ሬንተን ነው። ከተማዋ የዋሽንግተን ሐይቅ ጫፍ ላይ ናት፤ ቦይንግ 737ን የሚገጣጥመው እዚሁ ነው። ከማኮብኮቢያው ጫፍ የውሃ አውሮፕላኖች ማረፊያ አለ። የተሰየመው ለሁለት ሟቾች ነው፦ ለአብራሪው ዋይሊ ፖስትና ለቀልደኛው ዊል ሮጀርስ። ፖስት ማለት እ.ኤ.አ. በ1933 ዓለምን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በአውሮፕላን የዞረ ሰው ነው። በ1935 አላስካ ለመሄድ ሲነሳ ያዘዘው ፍሎት በጊዜ አልደረሰለትም፤ ለትልቅ አውሮፕላን የተሠራ ከባድ ፍሎት ገጠመና ከሬንተን ተነሳ። አውሮፕላኑ አፍንጫው የሚከብድ ሆነ። አላስካ ውስጥ ፖይንት ባሮው አጠገብ ከውሃ እንደተነሱ ሞተሩ ጠፋ፤ በአፍንጫው ተተከለ፤ ሁለቱም ሞቱ። ጋሼ በዚያ ምልክት አጠገብ ባለፍን ቁጥር ዝም ይላሉ። ሌላ ጊዜ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም።

እና ክብደት ቀልድ አይደለም። ሒሳቡን ልንገራችሁ። ለተመሰከረላቸው አውሮፕላኖች የወጣው የአሜሪካ ደንብ ፍሎት ከሚሸከመው ክብደት በላይ 80 በመቶ ትርፍ የመንሳፈፍ አቅም እንዲኖረው ያዛል፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ ቢያንስ በአራት ውሃ የማያሳልፉ ክፍሎችም መከፋፈል ነበረበት። ቤት ውስጥ የተሠራ አውሮፕላንን ይሄ ደንብ አያስገድደውም፤ ቢሆንም አክብረነዋል። የኛ ሲሞላ 650 ኪሎ ነው። በ1.8 አባዙት፣ ለሁለት አካፍሉት፦ እያንዳንዱ ፍሎት 585 ሊትር። ሦስት በርሜል ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እንዲህ ያለ ግዙፍ ነገር ሠርታችሁ እንደ ላባ ቀላል እንዲሆን ትፈልጋላችሁ። ፍሎቱ በ30 ኪሎ ከከበደ 40 ሊትር ነዳጅ መሬት ቀረ ማለት ነው።

ጋሼ የመረጡት እንጨት ነበር። ስስ ኮምፔንሳቶ፣ ከውጭ የፋይበርግላስ ጨርቅ፣ ከውስጥም ከውጭም ኤፖክሲ። ክርክራቸው ደካማ አልነበረም። «እንጨት አይሰለችም» ይላሉ። እውነት ነው፤ አሉሚኒየም ሺህ ጊዜ ሲነቃነቅ በመጨረሻ ይሰነጠቃል፣ ጥሩ እንጨት ግን መነቃነቁን ይችለዋል። ቦይንግም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1916 ከሲያትሉ ዩኒየን ሐይቅ ያስነሳው የመጀመሪያው አውሮፕላን ከእንጨት፣ ከጨርቅና ከሽቦ የተሠራ ባለ ሁለት ፍሎት ነበር። «እነሱ በእንጨት ጀምረው እዚህ ደረሱ፤ እኛን ምን ይከለክለናል?» እኔ በሆዴ «እነሱ በኋላ ትተውታል» እላለሁ። በአፌ ግን «ጋሼ፣ ሚዛኑን እንየው» አልኳቸው። 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ላሜራ በካሬ ሜትር 2.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 4 ሚሊ ሜትር ቀላል ኮምፔንሳቶ ባዶውን ከ2 ኪሎ ብዙም አይርቅም፤ ጨርቁና ኤፖክሲው ሲጨመርበት ግን ላሜራውን ያልፈዋል። ያም ሆኖ ልዩነቱ ሰው የሚያጣላ አልነበረም።

ልጅቷ ደግሞ ፎም አለች። ፎሙን በጋለ ሽቦ ቀርጾ፣ ፋይበርግላስ አልብሶ፣ በኤፖክሲ ማጠንከር። በርት ሩታን በ1970ዎቹ አጋማሽ ቫሪኢዝ የተባለውን አውሮፕላኑን የሠራው በዚህ ዘዴ ነው። ሪቬት የለ፣ ስፌት የለ፣ ቅርጹ እንደ ሳሙና ልሙጥ። ጥንቃቄ ግን አለው። ሰማያዊው የስታይሪን ፎም ፖሊስተር ሬዚን ሲነካው ይሟሟል፣ ቤንዚንም ይበላዋል፤ ስለዚህ ኤፖክሲ ግድ ነው። እንደኛ ጋራዥ ውስጥ ያለ ምድጃ የደረቀ ኤፖክሲ ደግሞ ፀሐይ ስታግለው ይለሰልሳል፤ እነዚህ አውሮፕላኖች ሁሉም ነጭ የሆኑት ባለቤቶቻቸው ነጭ ስለሚወዱ አይደለም።

እኔ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ፎም ሲባል ወዲያው የመጣብኝ የጣና ታንኳ ነው። የደንገል ታንኳ ቀዳዳ ቢበዛው አይሰምጥም፤ ሁለመናው ቀዳዳ ነው። የሚንሳፈፈው አየር ስለያዘ ሳይሆን አካሉ ራሱ ከውሃ ስለሚቀል ነው። ነገር ግን ይጠጣል። ከሐይቅ ሲወጣ አቁመው ያደርቁታል፤ አለዚያ እየከበደ፣ እየከበደ ይሄድና አንድ ቀን የሸክሙን ያህል ውሃ ተሸክሞ ታገኙታላችሁ። ፎም እንደ ደንገል ቶሎ አይጠጣም፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን ቆዳው ድንጋይ ነክቶት ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካበጀ ውሃ በፎሙና በቆዳው መሃል ይገባል፣ ቆዳውም እየተላቀቀ ይሄዳል። ከውጭ ምንም አይታይም። የሚለየው በሳንቲም እየቆረቆሩ ድምፁን በማዳመጥ ነው፤ ጥርት ያለው ደህና ነው፣ የደነቆረው ተላቅቋል። ታንኳ ቢያንስ ስትሸከሙት መክበዱን ይነግራችኋል። ፍሎትን በየማለዳው ማን ያነሳዋል?

ላሜራም ጣጣ አለው፤ የሙያዬ ስለሆነ አላሞካሸውም። ጠንካራው 2024 መዳብ ስላለበት ጨው ውሃ ይወደዋል፤ ነጭ ዱቄት እያስተፋ ይበላዋል። ጀልባ የሚሠራበት 5052 ጨው ይችላል፣ ጉልበቱ ግን አነስ ይላል። 6061 መሃል ላይ ነው። በዚያ ላይ አሉሚኒየምና ብረት ጨው ውሃ ውስጥ ሲነካኩ ባትሪ ሆነው ቁጭ ይላሉ፤ አሉሚኒየሙም ያልቃል። የኛ ሐይቅ ጨው የለበትም፤ ልጅቷ ግን ሳን ሁዋን ደሴቶች መሄድ ትፈልጋለች፣ እዚያ ያለው ባሕር ነው። የሚገርማችሁ የእንጨት ጠላት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። እንጨትን ከጨው ይልቅ የሚያበሰብሰው ጣፋጩ ውሃ ነው።

ክርክሩን የፈታችው አንዲት ጥያቄ ናት። የካቲት ላይ ቡና እየጠጣን ልጅቷ «አባዬ፣ ቆይ፣ እኔ ጠዋት ጠዋት ውስጡን እንዴት አየዋለሁ?» አለች።

የውሃ አውሮፕላን የምታበር ሰው ጠዋት መጀመሪያ የምትሠራው በየክፍሉ የገባውን ውሃ በእጅ ፓምፕ መምጠጥ ነው። ሁሉም ፍሎት ትንሽ ያስገባል። ዋናው መቁጠሩ ነው። አንድ ክፍል ትናንት ሦስት ምት ከሆነና ዛሬ ሃያ ከሆነ አንድ ነገር ተነድሏል። ክዳኑን ከፍታ በባትሪ ታያለች። ላሜራ ከሆነ የምታየው የውጩ ቆዳ ጀርባ ነው፤ ሌላ ሽፋን የለውም፤ ነጭ ዱቄቱም፣ የላላው ሪቬትም፣ ጉብጠቱም እዚያው ነው። እንጨት ከሆነ የሚታየው የሚያብረቀርቅ ኤፖክሲ ነው፤ ብስባሹ ከሥሩ ሊሆን ይችላል። ድፍን ፎም ከሆነ የሚከፈት ነገርም የለውም። ልጅቷ ይህን የጠየቀችው የራሷን ፎም ለመከላከል አልነበረም፤ ስታስበው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን ዶኩ ላይ ቆማ ያየች ይመስለኛል። ከኋላዋ መቀመጫ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። አባቷ ናቸው።

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡና «በል አንተ ልጅ፣ ላሜራህን አምጣ» አሉኝ።

6061 ገዛን። ማያያዣ ብረቶቹን ከላሜራው የሚለይ ማሸጊያ በየመሃሉ፣ ከውስጥም ከውጭም ዚንክ ክሮሜት። ለማሸጊያው የአውሮፕላን ነዳጅ ታንክ የሚታሸግበትን ነው የተጠቀምነው። ከሱቅ የሚገዛውን ኮምጣጤ የሚሸት ሲልከን አደራ እንዳትሞክሩት፤ አሲዱ ላሜራውን ይነካዋል፣ ቀለምም አይዝበትም። እንጨቱም ሥራ አላጣም። የክፍሎቹን ግድግዳ ጠርዝ ለማጠፍ ላሜራውን የምንቀጠቅጥበትን ቅርጽ ጋሼ ከጠንካራ እንጨት ጠረቡት፤ እንደሳቸው ቅርጽ ያማረ ነገር በሥራ ዘመኔ ትንሽ ነው ያየሁት። ሪቬት ስንመታ እኔ ከውጭ በመምቻው፣ ልጅቷ በክዳኑ ቀዳዳ እጇን እስከ ትከሻዋ ከትታ ከውስጥ በብረት ትደግፋለች። ጎረቤት እስኪያማርር።

አሁን ፍተሻ ላይ ነን። ፍሎት የሚፈተሸው ውሃ ላይ በመጣል ሳይሆን ውሃ በመሙላት ነው። የኛ አምስት ክፍል አለው፤ አንዱ ሲሞላ 117 ኪሎ ስለሚመዝን ጋሼ ከሥሩ ወፍራም የእንጨት መቀመጫ ሠርተውለታል። ትሞሉታላችሁ፣ በጨርቅ ትወለውሉታላችሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ቅዳሜ ሁለተኛውን ፍሎት ይዘን ሦስተኛው ክፍል ደረስን። ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም የለም። ከዚያ ጋሼ ጣታቸውን ከታች በግራ በኩል አሳልፈው «እርጥብ ነው» አሉ። ልጅቷ በማርከር አክብባ አጠገቡ «3፣ ግራ፣ ሁለት ጠብታ» ብላ ጻፈች። ውሃውን አፍስሰን፣ ሁለት ሪቬት ነቅለን፣ ማሸጊያ ቀብተን መልሰን መታን። ማሸጊያው እስኪደርቅ አራተኛው ክፍል መሞላት ጀምሯል።