ያለፈ ዋጋ ምስክር ነው እንጂ ነቢይ አይደለም

የሰው ልጅ ስላለፈው ዘመን ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራል። አንዳንዱ ያለፈውን ጨርሶ ይረሳውና ዘወትር በአንድ ጉድጓድ ይወድቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ያለፈውን እንደ ትንቢት ይቈጥረውና ትናንት እንዲህ ስለ ሆነ ነገም እንዲሁ ይሆናል ብሎ ተማምኖ ይተኛል። እነዚህ ሁለት ስሕተቶች ጎልተው ከሚታዩባቸው ቦታዎች አንዱ የኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ ከዘመን ወደ ዘመን የሚጻፍበት መዝገብ ነው። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ስለዚህ መዝገብ የምጽፍልህ በአቋራጭ ባለጸጋ እንድትሆን ለማስተማር አይደለም። የዋጋን መዝገብ በቅን ልቡና ማንበብ የለመደ ሰው የራሱንም ያለፈ ዘመን በቅን ልቡና ለማንበብ አይቸገርም ብዬ ስለማምን ነው።

አስቀድመን መዝገቡ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። አክሲዮን የአንድ ኩባንያ ባለቤትነት ቁራሽ ነው። ይህ ቁራሽ በገበያ ሲሸጥ ዋጋውን የሚቈርጡት በዚያች ሰዓት የተገናኙት ሻጭና ገዢ ናቸው። በኒውዮርክ ዋጋውን እየተከታተለ በወረቀት ጥብጣብ ላይ የሚያትም የቴሌግራፍ መሣሪያ በ1867 ሥራ ጀመረ፤ ዓመቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ቻርልስ ዳው የሚባለው ጋዜጠኛ ደግሞ በ1896 የ12 ኩባንያዎችን ዋጋ ደምሮ የገበያውን አጠቃላይ መንገድ የሚያሳይ አንድ ቍጥር ማውጣት ጀመረ። ዛሬ በመዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ የገበያ ቀን የመክፈቻው ዋጋ፥ ከፍተኛው፥ ዝቅተኛው፥ የመዝጊያው ዋጋና የተሸጠው አክሲዮን ብዛት ተጽፎ ይገኛል። ብዛቱን አትናቀው፤ ሺህ ሰው የተስማማበት ዋጋና ሁለት ሰው የተስማማበት ዋጋ በምስክርነት እኩል አይደሉምና።

የእኅቴ ልጅ በአሜሪካን አገር ተምሮ በዚያው ሥራ ይዟል። ተማሪ ሳለ የአፕል ኩባንያን የአክሲዮን ዋጋ በየዕለቱ በደብተር የመጻፍ ልማድ ነበረው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልጠይቀው በሄድሁ ጊዜ ደብተሩን አምጥቶ አሳየኝ። ዓርብ ኦገስት 28 ቀን 2020 የመዝጊያው ዋጋ 499 ዶላር ከ23 ሣንቲም ነበረ፤ በሚቀጥለው ሰኞ ግን 129 ዶላር ከ4 ሣንቲም ሆኖ ተጽፏል። «ጋሼ፥ እኔ በእጄ የጻፍሁት 499 ነው፤ ዛሬ የማየው መዝገብ ግን በዚያው ዓርብ 125 ገደማ ነበረ ይላል። ከሁለታችን የዋሸው ማን ነው?» አለኝ። እኔም «አንዳችሁም አልዋሻችሁም» አልሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኩባንያው በዚያ ሰኞ እያንዳንዱን አክሲዮን በ4 ከፈለው። አንድ ድፎ ዳቦ በ4 ቢቈረስ ቍራሹ ያንሳል እንጂ ዳቦው አይጐድልም፤ አንድ አክሲዮን የነበረው ሰው 4 አገኘ፥ ሀብቱም ባለበት ቈየ። እንዲያውም በዚያ ሰኞ ዋጋው በጥቂቱ ጨምሮ ነበር። መዝገብ ጠባቂዎች የዛሬውን ቍራሽ ከትናንቱ ሙሉ ዳቦ ጋር ማወዳደር እንዳይሆንባቸው የቀድሞውን ዋጋ ለ4 አካፍለው ይጽፉታል። አፕል በ1980 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲሸጥ ዋጋው 22 ዶላር ነበረ። ከዚያ ወዲህ 3 ጊዜ በ2፥ አንድ ጊዜ በ7፥ አንድ ጊዜ ደግሞ በ4 ስለ ከፈለው የያኔው አንድ አክሲዮን ዛሬ 224 ሆኗል። ስለዚህ በተስተካከለው መዝገብ የመጀመሪያው ዋጋ 10 ሣንቲም ያህል ሆኖ ይታያል። በ10 ሣንቲም የገዛ ሰው ግን በዓለም ላይ አልነበረም።

የዚህም ተቃራኒ አለ። ሲቲግሩፕ የተባለው ባንክ በ2011 ዐሥሩን አክሲዮን ወደ አንድ ጠቀለለና 4 ዶላር ተኩል ያህል የነበረው ዋጋ በአንድ ጊዜ ወደ 45 ዶላር ገደማ ወጣ። ይህን የማያውቅ ሰው «ባንኩ በአንድ ቀን ዐሥር እጥፍ በለጸገ» ብሎ ይደነቅ ነበር። እንደዚሁም ኩባንያው ለባለአክሲዮኖች የትርፍ ድርሻ ሲያከፋፍል፥ መብቱ ካለፈ በኋላ የሚገዛ ሰው የዚያን ጊዜውን ድርሻ አያገኝምና ዋጋው በዚያው ልክ ገደማ ዝቅ ይላል። አዝመራው የታጨደ ማሳ ከነአዝመራው ከሚሸጠው ማሳ ይረክሳል፤ ስለዚህ ግን ባለማሳው ከሰረ አይባልም፥ እህሉ በጎተራው ነውና። እንግዲህ አንድን ቍጥር ካለበት ሁኔታ ነጥሎ የሚያነብ ሰው፥ ማንም ሳይዋሸው ራሱን በራሱ ያታልላል።

ልጁ ይህን ሁሉ የጠየቀኝ ለዕውቀት ብቻ አልነበረም። ለብዙ ጊዜ ሌሊት ጭምር እየሠራ ያጠራቀመው ገንዘብ ነበረው፤ ለእናቱ ቤት ሊያሠራበት ያሰበው ነው። አሁን ግን ዋጋው ለ10 ዓመት ሲወጣ ብቻ የታየ አንድ ኩባንያ መርጦ፥ ሁሉንም በእርሱ ላይ ሊያውለው ፈልጓል። «ጋሼ፥ መስመሩን ተመልከተው፤ ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው» አለኝ። እናቱ እኅቴ ናትና ነገሩ ለእኔም የቤቴ ጉዳይ ነበረ። ሦስት ማታ አብረን ተቀምጠን ሌሎች መዝገቦችን አገላበጥን።

በመጀመሪያው ማታ የ1929ን መዝገብ አየን። በቻርልስ ዳው ስም የሚጠራው ቍጥር ሴፕቴምበር 3 ቀን 1929 ላይ 381.17 ነበረ፤ ጁላይ 8 ቀን 1932 ወደ 41.22 ወረደ። ወደ ቀድሞው ከፍታ የተመለሰው በኖቬምበር 1954 ነው፥ ከ25 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በየጊዜው የተከፈለውን የትርፍ ድርሻ ለሚቈጥር ሰው ዘመኑ ያጥራል፤ ቢሆንም በ1929 ጐልማሳ የነበረ ሰው በ1954 ሽማግሌ ነው። ከ1932 ጀምሮ የሚያነብ ገበያውን ተአምር ይለዋል፤ ከ1929 ጀምሮ የሚያነብ መቅሠፍት ይለዋል። መዝገቡ አንድ ሲሆን ፍርዱን የለወጠው የመነሻው ቀን ነው። ስለዚህ መስመር ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥምህ «ከዚህ ቀን የጀመርኸው ስለ ምን ነው?» ብለህ ጠይቀው።

በሁለተኛው ማታ በመዝገቡ ላይ ስለሌሉት ተነጋገርን። በ1896 ከተቈጠሩት 12 ኩባንያዎች ዛሬ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የቀረ አንድም የለም፤ የመጨረሻው ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ2018 ወጣ። ዛሬ ስማቸው የገነነውን ኩባንያዎች ብቻ እያነሣ «አክሲዮን የገዛ ሁሉ ከበረ» የሚል ሰው፥ ከጦር ሜዳ የተመለሱትን ብቻ ቈጥሮ «ጦርነት አይገድልም» እንደሚል ሰው ነው።

በሦስተኛው ማታ ኤንሮን ስለተባለው የኃይል ንግድ ኩባንያ አነበብን። አክሲዮኑ ለዓመታት ሲወጣ ቈይቶ በኦገስት 2000 ወደ 90 ዶላር ደርሶ ነበር። በኖቬምበር 2001 መጨረሻ ከ1 ዶላር በታች ወረደ፤ በዲሴምበር 2 ቀን ኩባንያው መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ የጡረታ ቍጠባቸውን በዚሁ አክሲዮን ይዘው ነበርና ሥራቸውንም ቍጠባቸውንም አንድ ላይ አጡ። የዋጋው መዝገብ እውነተኛ ነበር፥ ሐሰተኛው የሒሳቡ መዝገብ ነው። ያለፈው ዋጋ ሰዎች ያን ቀን ያመኑትን ይነግርሃል፤ ያመኑት ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን ግን አይነግርህም።

የእኛም አገር የራሷ ምስክር አላት። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአዲስ አበባ አክሲዮን ይገዛና ይሸጥ ነበር፤ አብዮቱ ፈነዳና በጃንዋሪ 1975 ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተወረሱ። የቀድሞውን ዋጋ መስመር በመስመር ያጠና ሰው ቢኖር እንኳ ይህን ቀን ከመስመሩ ሊያነበው አይችልም ነበር።

ታዲያ መዝገቡ ከንቱ ነውን? አይደለም። ዋጋው በዚያን ዘመን ከነበረው የኩባንያው ትርፍ ጋር ሲነጻጸር፥ ሰዎች ለአንድ ዶላር ትርፍ ስንት ይከፍሉ እንደ ነበረ ታያለህ፤ የዛሬው ውድ ይሁን ርካሽ ከዚያ ትመዝናለህ። ከሁሉ ይልቅ ግን አወራረዱን እይ። በ100 ብር የገዛኸው 50 ቢሆን በግማሽ ወረደ ትላለህ፤ ወደ ቦታው ለመመለስ ግን እጥፍ መሆን አለበት። «ይህ በእኔ ላይ ቢደርስ እታገሣለሁን? ለመታገሥስ ጊዜ አለኝን?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። «በዚያን ጊዜ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ» የሚለውን ቍጭት ግን ተወው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና።

የእኅቴ ልጅ ይህን ጥያቄ ለራሱ መለሰ። የቤቱ ሥራ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚጀመር ስለ ነበረ ለ25 ዓመት ቀርቶ ለ5 ዓመትም መታገሥ እንደማይችል አየና የእናቱን ገንዘብ በባንክ ተወው። ከተረፈው ጥቂቱን ብቻ በብዙ ኩባንያዎች ላይ አከፋፍሎ አዋለ። ያ የመረጠው አክሲዮን በኋላ ቢወጣም ቢወርድም ውሳኔው ትክክል ነበር፤ የሰው ጥበብ የሚመዘነው በሚያውቀው ነገር ላይ ተመሥርቶ በመወሰኑ ነው እንጂ ዕጣ ስለ ወጣለት አይደለምና።

ወጣቶች ሆይ፥ የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጃንዋሪ 2025 ሥራ ጀምሯል። የኩባንያዎቻችን ዋጋ ከእንግዲህ ከቀን ወደ ቀን እየተጻፈ ይከማቻል። የጥቂት ወራት ወይም የጥቂት ዓመታት መስመር አሳይቶ ስለ ነገ የሚምልላችሁን ሰው አትመኑ። መዝገቡን ሙሉውን አንብቡ፥ የጐደለውን ጠይቁ፥ የሌላውን ሰው አደራ ግን በመስመር ላይ አታስይዙ። ያለፈው ዘመን የሚያውቀውን ብቻ የሚናገር ታማኝ ምስክር ነው፤ የማያውቀውን እንዲናገር የምናስገድደው እኛ ነን።