የሁለት ማርክ ዕዳ አለብኝ

ዛሬ የምጽፈው ይቅርታ ነው። ረዘም ይላል፣ ጊዜ ያላችሁ አንብቡት። በተለይ ከሦስት ዓመት በፊት 12ኛ ክፍል ታሪክ ያስተማርኳችሁ ልጆች ነገሩን ታስታውሱታላችሁ።

ፈተና ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ አውጥቼ ነበር፦ «የደርግ ሠራዊት ከተሸነፈባቸው ውጊያዎች ውስጥ የጦርነቱን አቅጣጫ የለወጠው የትኛው ነው? ምክንያቱንም ጻፉ።» 2 ማርክ። የምጠብቀው መልስ አፋቤት ነበር። ሽሬ ወይም ምፅዋ ብሎ በደንብ ያስረዳም ማርክ አላሳጣውም። አንድ ልጅ ግን፣ ከኋላ የሚቀመጥ፣ ብዙ የማያወራ ልጅ፣ እንዲህ ጻፈ፦ «ውጊያ አይደለም። መንግሥት የራሱን ጄኔራል የረሸነበት ቀን ነው።»

በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ። ዜሮ።

ወረቀቱን ስመልስ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አያቴ እዚያ ነበሩ። እሳቸው ናቸው የነገሩኝ» አለ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ፈተናውን ያወጣሁት እኔ ነኝ እንጂ አያትህ አይደሉም።» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ልጁ ቁጭ አለ። ዓመቱን ሙሉ ዳግመኛ እጁን አላወጣም።

ማታ ቤት ገብቼ እንደ ቀልድ ለአባቴ አወራሁት።

አባቴ የቀድሞው ጦር ሾፌር ነበር። በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ እዚያው የቀረ። እኔ የተወለድኩት ጦርነቱ ካለቀ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በቤታችን ስለዚያ ጊዜ አይወራም። ስንጠይቀው «አለፈ እኮ» ይልና ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። ያን ዕለት ግን የጠቀለለውን እንጀራ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው። «ልጁ ትክክል ነው» አለኝ።

ለማታውቁት፦ ናደው ዕዝ የሚባለው ጦር በሰሜን ኤርትራ፣ ናቅፋ ግንባር ላይ ከሻዕቢያ ጋር ምሽግ ለምሽግ ተፋጦ ዓመታት የቆየ ነው። ማዕከሉ አፋቤት ነበር። አዛዡ ብርጋዲየር ጄኔራል ታሪኩ ዐይኔ በየካቲት 1980 በመንግሥቱ ኃይለማርያም ትእዛዝ ተረሸኑ። አንድ ወር ገደማ ቆይቶ፣ መጋቢት 8፣ ሻዕቢያ ማጥቃት ጀመረ። ሳምንት ሳይሞላ አፋቤት ወደቀች፣ ናደው የሚባል ዕዝም የለም። እኔ ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። የጄኔራሉን ነገር ግን በአንድ መስመር ነበር የማልፈው።

አባቴ እንዲህ አለኝ፦ «የጄኔራሉን ሞት በይፋ የነገረን የለም። ከአሥመራ ስንቅ ጭኖ የመጣ ሾፌር ጎማ እያጠበቀ በጆሮዬ ነገረኝ። በማግሥቱ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራም። ከዚያ ወዲያ አንድም መኮንን ለበላዩ 'አንችልም' ሲል አልሰማሁም። ጥይት አንሷል የሚል ጠፋ፣ ሰው ደክሟል የሚል ጠፋ። እውነት የተናገረ ሰው ምን እንደሚሆን አየን አይደል?»

ከዚያ መጋቢትን ነገረኝ። መኪኖቹ ተሰልፈው ወደ ከረን ለመውጣት ሲሞክሩ ጠባቡ መተላለፊያ ላይ ተዘጋባቸው። ፊት ያሉት ይነዳሉ፣ ከኋላ ያለው መዞሪያ የለውም። የሱ ኡራል መሃል ላይ ናት።

«አውሮፕላን ሲመጣ ደስ አለን» አለኝ። «'የኛ ናቸው' ተባባልን። አዎ፣ የኛ ነበሩ።»

መሣሪያው በጠላት እጅ እንዳይገባ ተብሎ የራሳቸው አየር ኃይል ደበደባቸው። ይሄም በታሪክ የተመዘገበ ነው። እኔም አንብቤው ነበር፣ ግን አባቴ ከሥር እንደነበረ አላውቅም ነበር። 30 ዓመት ሙሉ እዚያው ቤት አብረን ስንበላ!

በማግሥቱ የማስተማሪያ ማስታወሻዬን አውጥቼ እንደ አዲስ አነበብኩት። ከአፋቤት በኋላ መንግሥት ባሬንቱን፣ አቆርደትንና ተሰነይን ለቆ ወጣ። ከሶማሊያው ዚያድ ባሬ ጋር ታረቀና የምሥራቁን ጦር ወደ ሰሜን አመጣ። ሰኔ 15 ቀን 1980 የሐውዜን ገበያ በአውሮፕላን ተደበደበ፣ ገበያተኛው አለቀ። የካቲት 1981 ሽሬ ላይ 604ኛ ኮር ተደመሰሰ፣ ብዙም ሳይቆይ ሠራዊቱ መቀሌን ጨምሮ ትግራይን ለቀቀ።

ከዚያ ግንቦት 8 ቀን 1981። መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲበሩ ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። እስኪ አስቡት፣ የአገሪቱ ጦር ኤታማዦር ሹምና የአየር ኃይሉ አዛዥ! ፊት ለፊት መናገር ሞት ስለሆነ የቀራቸው መንገድ እሱ ነበር። ሙከራው ከሸፈ። ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ራሳቸውን አጠፉ። ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ አሥመራ ላይ ተገደሉ። በዓመቱ ደግሞ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ጦርነት ላይ ያለ አገር የጦር መሪዎቹን በራሱ እጅ ጨረሰ።

ምፅዋ የካቲት 1982 ስትያዝ የባሕሩ በር ተዘጋ፣ አሥመራና ከረን ያለው ጦር በአየር ብቻ የሚቀለብ ሆነ። አባቴም ከነሱ አንዱ ነበር። ግንቦት 13 ቀን 1983 መንግሥቱ አገር ጥለው ወጡ። ግንቦት 16 አሥመራ፣ ግንቦት 20 አዲስ አበባ። አባቴ በእግሩ ሱዳን ገባ።

አንድ ጄኔራል ቢተርፉ ጦርነቱ ይገለበጥ ነበር እያልኩ አይደለም። በዚያኛው ወገን ናቅፋ ምሽግ ውስጥ ዓመታት የቆዩ፣ የሚሞቱለትን ነገር የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ድሉን የወሰዱት እነሱ ናቸው። ገበሬው በአፈሳ ልጁን መስጠት ሰልችቶት ነበር። ሶቪየትም እጇን እየሰበሰበች ነበር። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን የልጁ መልስም እውነት ነው። ጦር የሚሸነፈው የሚዋጋበት ቀን ላይ ብቻ አይደለም። ታች ያለው የሚያየውን ላይ ላለው መንገር ሲፈራ ቀድሞ ዓይኑ ጠፍቷል። ውጊያው ይሄንን ለሁሉም ያሳያል።

እና በኋላ ሳስበው የከበደኝ ምን መሰላችሁ? እኔ ክፍል ውስጥ ያደረግኩት ያንኑ ነው። አንድ ልጅ ከታች ተነስቶ የሰማውን እውነት ተናገረ። እኔ ቀይ እስክሪብቶ ስለያዝኩ ብቻ ዝም አሰኘሁት፣ ሌሎቹም አዩ። ከዚያ ቀን በኋላ ከእኔ የተለየ መልስ የጻፈ ተማሪ አላጋጠመኝም። ጎበዝ ስለሆኑ መስሎኝ ነበር።

አሁን ያንን ጥያቄ ቀይሬዋለሁ። «ጦርነቱ የተለወጠው መቼ ይመስላችኋል? ቤት ጠይቃችሁ ኑ» ነው የምለው። በዚህም በዚያም ወገን የተዋጉ ሰዎች የልጅ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ አሉኝ። የቅርቡን ጦርነት ያዩም አሉ። መልሳቸው አይገጥምም፣ አንዳንዴም ይጋጫሉ። ግን እጅ ይወጣል።

ለአንተ ለልጄ፦ ስምህን አልጠራም፣ ራስህን ታውቃለህ። በሰው ፊት ስላሳፈርኩህ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ሮስተሩ ከተዘጋ ቆይቷል፣ 2 ማርክህ ግን ትክክል ነበር።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። አያትህ ካሉ ስልክ አገናኘን። አባቴ ሦስት ዓመት ሙሉ «የዚያ ልጅ አያት የየትኛው ብርጌድ ነበሩ?» ይለኛል። እኔ ደግሞ አፍሬ ሳልጠይቅህ ቀረሁ።