ጫማ ሰሪው ያቆመው ክለብ

የእንግሊዝ እግር ኳስ ሲነሳ ወሬያችን አርሰናልና ማንቸስተር ነው። ዛሬ ግን ስለ ፈረሰ ክለብ ላውራችሁ፤ ራሽደን ኤንድ ዳይመንድስ ይባል ነበር። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ክለቡ የነበረበት ኖርዛምፕተንሻየር ከጥንት ጀምሮ የጫማ ሰሪዎች አገር ነው። የዶክተር ማርቲንስ ቡትስ ባለቤት የነበሩት ማክስ ግሪግስ በ1992 የሁለት ጎረቤት ከተሞችን ክለቦች፣ ራሽደን ታውንንና ኢርዝሊንግቦሮ ዳይመንድስን፣ አዋሐዱ። ኢርዝሊንግቦሮ ውስጥ ከ6,000 በላይ ተመልካች የሚይዘውን ኔን ፓርክ ገነቡ። የከተማዋ ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሊገባበት ይችል ነበር! በ1999 በኤፍኤ ዋንጫ ሊድስ ዩናይትድ እዚያ መጥቶ 0 ለ 0 አቻ ወጣ፤ በመልሱ ጨዋታ ግን ራሽደኖች 3 ለ 1 ተሸነፉ። በ2001 በብራያን ታልቦት አሠልጣኝነት ወደ ፉትቦል ሊግ አደጉ።

እኔን የሚያብሰለስለኝ የ2003 ጸደይ ነው። በመጨረሻው ቀን ኔን ፓርክ ላይ ከሃርትልፑል ጋር 1 ለ 1 አቻ ወጥተው የሦስተኛ ዲቪዚዮን ዋንጫ አነሱ። በዚያው ጸደይ ዶክተር ማርቲንስ ምርቱን ወደ ቻይና አዙሮ የአካባቢውን ፋብሪካዎች ስለዘጋ ከ1,000 በላይ ሰው ሥራ አጣ። ዋንጫው የተገዛው በዚሁ ጫማ ገንዘብ ነው። ቅዳሜ ለክለቡ እየጮኸ ሰኞ ፋብሪካ ይገባ የነበረ ሠራተኛ ያን ቀን ምን ተሰምቶት ይሆን? ደስታውን ከሐዘኑ መለየት የሚችል አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። በ2004 ወረዱ፤ በ2005 ግሪግስ ክለቡን ለደጋፊዎች ማኅበር አስረከቡ፤ በ2006 ከፉትቦል ሊግ ወጡ። ባለሀብቱን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ እሳቸው ባይኖሩ ያ ሁሉ ባልታየ ነበር። ነገር ግን ስታዲየሙም ወጪውም የተለካው በአንድ ሰው ኪስ ስለነበር፣ ያ ኪስ ሲሳሳ ከተማዋ ልትሸከመው አልቻለችም። በ2011 ክለቡ በገንዘብ ችግር ከሚጫወትበት ሊግ ተባረረና ፈረሰ።

ደጋፊዎቹ በዚያው ክረምት ኤኤፍሲ ራሽደን ኤንድ ዳይመንድስን መሠረቱ። መጀመሪያ የወጣት ቡድን ብቻ ነበራቸው። በ2012 ዋናውን ቡድን አቋቁመው ዌሊንግቦሮ ውስጥ በሰው ሜዳ መጫወት ጀመሩ። ኔን ፓርክ በ2017 ፈረሰ። አዲሱ ክለብ ግን የደጋፊዎቹ ነው፤ የሚጠብቁትም ባለሀብት የለም።