ከበርሊን ለእታለም፦ ሚቶኮንድሪያን ስለሚቆርጠው ፕሮቲን

ውድ እታለም፣

ለሥልጠናው የመጣሁበት ሰፈር ቡኽ ይባላል፤ ከበርሊን መሀል በኤስ-ባን ባቡር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ፎቁ እየሳሳ ዛፉ እየበዛ ሲሄድ ነው የምወርደው። ማክስ ዴልብሩክ የሚባለው የሕክምና ምርምር ማዕከል ያለው እዚህ ነው። ስለ ከተማው ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ፤ ዛሬ ግን ባዮሎጂ አስተማሪ ስለሆንሽ ለአንቺ ካልነገርኩ የማይወጣልኝ ነገር አለ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

ሕይወት ያለው የሰው ሴል በማይክሮስኮፕ የተቀረጸ ፊልም አሳዩን። ሚቶኮንድሪያዎቹ በቀይ ያበራሉ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁልጊዜ የምንሥላትን ሞላላ ነገር ፈልጌ አጣኋት። ያየሁት ረጃጅም ክር ነው፤ ይሳባል፣ ይታጠፋል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይገጥማል። አንዱን ለይቼ በዓይኔ ተከተልኩት። መሀሉ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ታየች፤ ቦታው ቀጠነ፤ ክሩ ለሁለት ተቆረጠና ሁለቱ ጫፎች ወደየአቅጣጫቸው ሸሹ። ካርል ቤንዳ ለሚቶኮንድሪያ ስም ያወጣላቸው በዚሁ በበርሊን በ1898 ነበር። ያቺ አረንጓዴ ነጥብ ማን እንደሆነች እስኪታወቅ ግን መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል።

ስሟ ዲአርፒ-1 ነው። 736 አሚኖ አሲድ ያላት ፕሮቲን ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ በሴሉ ፈሳሽ ውስጥ ተበትና ትኖራለች። ኤምኤፍኤፍ፣ ሚድ-49 እና ሚድ-51 የተባሉ ተቀባዮች ከሚቶኮንድሪያው ውጫዊ ሽፋን ላይ ሆነው ይጠሯታል። ቦታውን አስቀድሞ የሚያመለክተው ደግሞ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ነው፤ ቱቦውን አዙሮ ሚቶኮንድሪያውን ቆንጠጥ ያደርገዋል። ይህ የታወቀው በ2011 ነው። ከዚያ ዲአርፒ-1ዎች እርስ በርስ እየተያያዙ እንደ መቀነት ዙሪያውን ይጠመጠማሉ፤ ጂቲፒ የተባለውን ነዳጅ ሲያቃጥሉም ጥብቅ ይላሉ።

የእያንዳንዷ ፕሮቲን አሠራር ምን እንደሚመስል በ2013 ያሳየው የዚህ ግቢ ሰው የኦሊቨር ዳውምከ ቡድን ነው። ጂቲፒን የሚያቃጥል ራስ አላት፤ የራሱን እንቅስቃሴ ወደ ታች የሚያስተላልፍ አንገት፤ ከጎረቤቷ ጋር የምትያያዝበት ረጅም ግንድ፤ ከግንዱ ጫፍ ደግሞ ወደ ሽፋኑ የሚንጠለጠል ቅርጽ የለሽ ጥምዝ። ቅርጿን በኤክስሬይ ለማየት ፕሮቲኗ ክሪስታል መሆን አለባት፤ ችግሩ፣ በባሕርይዋ እየተያያዘች ስለምትረዝም ሥርዓት ያለው ክሪስታል ለመሥራት አትመችም። ስለዚህ የምትያያዝበትን አንድ ቦታ በጂን ለወጡት። በ2018 ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ የአዳም ፍሮስት ቡድን በክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ዲአርፒ-1 ከሚድ-49 ጋር ቀጥ ያለ ሰንሰለት ትሠራለች፤ ጂቲፒው ሲቃጠል ሰንሰለቱ ያጥርና ተጠምዞ ቀለበት ሆኖ ይዘጋል።

እታለም፣ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። በ2007 የአምስተርዳም ተመራማሪዎች ያሳተሙት የአንዲት አራስ ልጅ ታሪክ ነው። ጭንቅላቷ ትንሽ፣ የዓይን ነርቯ የተጎዳ፣ በደሟ ላክቲክ አሲድ የበዛባት ነበረች። በ37 ቀኗ አረፈች። ሴሎቿ ሲታዩ ሚቶኮንድሪያዎቹ ሳይቆረጡ ረዝመው በኒውክሊየሱ ዙሪያ ተከማችተዋል። ምክንያቱ 395ኛው አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፤ በአላኒን ቦታ አስፓርቲክ አሲድ ገብቷል። ያውም በአንደኛው የጂን ቅጂ ላይ፤ ሌላኛው ጤነኛ ነበር። ታዲያ ጤነኛው ለምን አልበቃትም? መልሱ ያለው አሠራሯ ላይ ነው። 395ኛው ያለው ግንዱ ላይ፣ ማለትም መያያዣው ላይ ነው። ብቻዋን የምትሠራ ፕሮቲን ብትሆን ግማሹ ይበቃ ይሆናል፤ በሰንሰለት ለምትሠራ ግን የተበላሸችው ጤነኞቹን ይዛቸው ትቀራለች። ግንድ፣ አንገት፣ ራስ እያልኩ ያደከምኩሽ ለዚህ ነው። የአሠራሯን ሥዕል ባላይ ኖሮ የዚያች ልጅ ሞት አይገባኝም ነበር።

ጉዳቱ አንጎልና ነርቭ ላይ የሚብሰው ለምን እንደሆነም አስቢው። ከታችኛው አከርካሪያችን እስከ እግራችን ጣት የሚደርስ የነርቭ ሴል አለ፤ አንድ ሜትር ይሆናል። ያንን መንገድ ተጉዞ ጫፍ ድረስ ኃይል የሚያደርሰው የተቆረጠው አጭሩ ሚቶኮንድሪያ ነው።

መቁረጡ ሲበዛም ጉዳት ስለሆነ ሴሉ ይቆጣጠረዋል። 616ኛው ቦታ ላይ ፎስፌት ሲለጠፍ መቁረጥ ይበረታል፤ ሴሉ ለመከፈል ሲዘጋጅ የሚሆነው ይህ ነው። 637ኛው ላይ ሲለጠፍ ደግሞ ይገታል። ምግብ ያጡ ሴሎች ሚቶኮንድሪያዎቻቸውን አስረዝመው የራሳቸውን ክፍሎች ከሚበሉበት ሂደት እንደሚያተርፏቸው በ2011 ታይቷል። አብዛኛው በሳህን ላይ ባሉ ሴሎች የታየ ስለሆነ ለጾማችን ማስረጃ አድርገሽ እንዳትጠቅሺው አደራ!

መድኃኒትስ ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም። በ2008 ኤምዲቪ-1 የተባለ ውሁድ መቁረጡን ይገታል ተብሎ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በ2017 የወጣ ጥናት ግን የሚነካው ዲአርፒ-1ን ሳይሆን ኮምፕሌክስ አንድ የሚባለውን የመተንፈሻ ሰንሰለት ክፍል እንደሆነ አሳየ። ለእኔ የሚታየኝ፣ ከእንዲህ ያለው ስሕተት የሚያድነን የፕሮቲኗን እያንዳንዱን ስርጉድና ጉብታ በትዕግሥት ማወቅ ነው፤ ሥራው አዝጋሚ ቢሆንም።

በሚቀጥለው ሳምንት አድለርስሆፍ ወዳለው ቤሲ ሁለት ይወስዱናል። ዙሪያው 240 ሜትር በሆነ ቀለበት ውስጥ ኤሌክትሮኖች ይሽከረከራሉ፤ ከእነሱ የሚወጣው ኤክስሬይ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ ከሚተወው የነጥብ ንድፍ የአቶሞቹ ቦታ ይሰላል። ምን እንዳየሁ ከዚያ እጽፍልሻለሁ። ተማሪዎችሽ የሚጠይቁት ካለ ሰብስበሽ ላኪልኝ፤ የሚመልስልኝ ሰው እዚህ አላጣም። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ