ድኅነት ወይስ ድህነት?

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ፕሮግራም ሲጽፍ ያየ ሰው፥ «ይህ ደግሞ ምን አገባው?» ማለቱ አይቀርም። አንዱ በትርፍ ጊዜው ኳስ ይመታል፤ ሌላው ካርታ ይጫወታል፤ እኔ ደግሞ ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ዐሥር ወይም ሃያ መስመር የሚሆኑ ትንንሽ ፕሮግራሞች እጽፋለሁ። አንደኛው የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልስልኛል፤ ሁለተኛው በአንድ ግጥም ውስጥ የትኛው ቃል ስንት ጊዜ እንደ ተደጋገመ ይቆጥርልኛል። ዛሬ የማወራው ግን ስለ ሦስተኛው ነው፤ ጉድ የሠራኝ እርሱ ነውና።

አያቴ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ሲሞቱ አንድ የእጅ ጽሑፍ ደብተር ትተው ሄዱ። እኔም ደብተሩን ከአክስቴ ተውሼ፥ አንድ ክረምት ሙሉ ቃል በቃል በኮምፒዩተር ገልብጬ መለስሁላት። ነገር ግን ከጽሑፉ ውስጥ አንድ ቃል ለመፈለግ ስሞክር እንቢ አለኝ። ለጆሯችን ሀ፥ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሰና ሠ፥ አና ዐ፥ ጸና ፀም እንዲሁ። ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ፊደላችን በፈረንጆች 1999 ዓ.ም. ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ሲገባ፥ ለየቤቱ ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጠ። ሀ 4608፥ ለ 4616፥ ሐ 4624 ሆነ። ስለዚህ ኅን ወደ ህ ለመለወጥ ከ4741 ላይ 128 መቀነስ ብቻ ይበቃል። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ፕሮግራሙን በአንድ ሌሊት ጽፌ ጨረስሁ። ሞክሼ ፊደላቱን ሁሉ ወደ አንድ አመጣና በዚያው ፋይል ላይ መልሶ ጻፋቸው። ሌላ ቅጂ አላስቀረሁም ነበር። ፍለጋው ሠራ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተኛሁ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለው ለእኔ ብጤው ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዓይኔ አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ቆመ። «ስለ ልጆቼ ድህነት ዘወትር እለምናለሁ» ይላል። በኀ ከሆነ የነፍስ መዳን ነው፤ በሀ ከሆነ ማጣት ነው። አያቴ የጻፉት የቱን ነበር? ደብተሩን አይታ እንድትነግረኝ ወደ አክስቴ ስልክ ደወልሁ። ለካስ ጣራው አፍስሶ፥ ደብተሩ በስብሶ፥ ቀለሙም ተደባልቆ ኖሯል። ጥያቄዬን ብነግራት ጥቂት ዝም አለችና፥ «ልጄ፥ አባባ ያንን ሲጽፉ እኮ ቤታችን ጤፍ አልነበረም» አለችኝ። ከዚያ በላይ ልጠይቃት አልደፈርሁም።

በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ከቤተ መጻሕፍት እያየሁ፥ ሥላሴን በሠ፥ ፀሐይን በፀና በሐ፥ ዓለምን በዐ አድርጌ፥ የተቻለኝን ያኽል ወደየቦታቸው መለስሁ። ፕሮግራሙንም አርሜዋለሁ፤ አሁን ፊደላቱን የሚያመሳስለው ሲፈልግ ብቻ ነው እንጂ የተጻፈውን አይነካም። እርማቱ ሁለት መስመር ብቻ ነበር።

ያችን አንዲት ቃል ግን ማረም አልቻልሁም። ፕሮግራሙ እንደ ተዋት በሀ ተጽፋ አለች፤ ከጎኗ የጥያቄ ምልክት አድርጌባታለሁ።