የባቲ ቅኝትና ድምፅን የሚጽፍ መሣሪያ

በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶች ተረት ለዜማም የሚስማማ ነው። የቤተ ክርስቲያን ዜማ በመምህር ጕሮሮና በተማሪ ጆሮ ብቻ ሲኖር ሳለ፥ በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት እንደ ሠሩለት ታሪክ ይናገራል። ለክራርና ለመሰንቆ ግን እንዲህ ያለ ጸሓፊ ቶሎ አልተገኘም። በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት በጀርመን አገር ነበረ።

ዛሬ ግን በቦርከና ሸለቆ፥ በከሚሴ ከተማ የሚኖር ክራር ወይም ጊታር መቺ ባሕር ሳይሻገር በቤቱ ሊቀርጽ ይችላል። የሚያስፈልገው ኮምፒዩተር፥ ማይክሮፎንና ዩኤስቢ በሚባለው ገመድ የሚገናኝ ትንሽ ሣጥን ነው። ማይክሮፎኑ የአውታሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ሣጥኑም ያን በአንዲት ሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ በቍጥር ይጽፈዋል። ኀይሉ ከልክ ቢያልፍ የድምፁ ጫፍ ይቈረጣል፤ የተቈረጠውንም በደኅና የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ዐዋቂ ቀራጭ ዝቅ አድርጎ ይጀምራል፤ የግድግዳውም ማስተጋባት እንዲቀንስ ክፍሉን በጋቢና በምንጣፍ ይሸፍነዋል።

ነገር ግን ሣጥኑ ቅኝት አያውቅም። ይህም በዚህ አገር እጅግ የሚያሳስብ ነው፤ ከትዝታ፥ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋራ የሚቈጠረው የባቲ ቅኝት የሚጠራው በሰኞ ገበያዋ በታወቀችው፥ በዚሁ በኦሮሚያ ዞን ባለችው በባቲ ከተማ ስም ነውና። ክራር የሚቃኘው በጆሮ ነው፤ የጊታር አንገት ግን በ12 እኩል እርከን የተከፈለ ስለ ሆነ፥ በእርከኖቹ መካከል ያለውን ድምፅ ጣት አውታሩን ካላጐበጠው አያገኘውም። ድምፅ የሚያርም ፕሮግራም ሲጨመርበትም፥ የሽማግሌዎቹን አቃኛኘት እንደ ስሕተት ቈጥሮ ወደ 12ቱ እርከን ይጐትተዋል። ያን ጊዜ ዘፈኑ ጠርቶ ይሰማል፤ ባቲነቱ ግን ይጠፋል።

እንግዲህ መቅረጽ ቀሏል፤ መስማት ግን አልቀለለም። ብዙዎቹ ሣጥኖች ኀይላቸውን ከኮምፒዩተሩ ስለሚያገኙ መብራት ወደሌለበት መንደርም ይዞ መሄድ ይቻላል። በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ የሚዘፍነው፥ መንዙማም የሚያዜመው ሽማግሌ በሕይወት ሳለ፥ ማረሚያውን ዘግቶ አስቀድሞ እርሱን መስማት፥ ከዚያም እንዳለ መቅረጽ ይገባል። ለልጅ ልጅ የሚወረሰው ይህ ነውና።