ቲሸርት ላይ የሳልነው ለስንት ዕጥበት ይቆያል?



ቲሸርትና የሸራ ቦርሳ ላይ በእጃችሁ እየሳላችሁ የምትሸጡ ልጆች በየከተማው እየበዛችሁ ነው፣ ማሻአላህ። እኔም ፍኖተ ሰላም ውስጥ አበባና ሐረግ እየሳልኩ እሸጣለሁ፤ አንዳንዴ ቡሬ ድረስ ይዤ እሄዳለሁ። የአላህን ስምም ሆነ አያ ልብስ ላይ አልጽፍም፤ ልብስ መጸዳጃ ቤትም ይገባል፣ ከእድፍ ጋር ይታሻል።

ከዒድ በፊት ከጃቢ ጠህናን ገጠር የመጡ አንዲት እናት ለልጅ ልጃቸው አንድ ቲሸርት አንስተው አገላብጠው አዩና፣ «ልጄ፣ ወንዝ ወርዶ ሲመለስም እንዲሁ ነው?» አሉኝ። ለዚያ ልጅ ልብሱ የዒድም የዓመቱም ልብስ ነው። እኛ ሠፈር በሳፋ በቀስታ የሚታጠበው፣ ገጠር ድንጋይ ላይ ተወቅጦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የእሳቸው ጥያቄ የሥራችን ሁሉ መመዘኛ ነው።

መልሱን ለመረዳት የቁርኣን ቤቱን ሉህ አስቡት። የሉህ ቀለም ከጥላሸትና ከሙጫ ይሠራል። ጥላሸቱ በፀሐይ አይደበዝዝም፤ ሙጫው ግን ውኃ ሲነካው ይሟሟል። ለዚህ ነው ልጁ ትምህርቱን በቃሉ ሲይዝ ሉሁ ታጥቦ ለአዲስ የሚዘጋጀው። እዚያ መልቀቁ ጥቅም ነው፤ ልብስ ላይ ግን ኪሳራ። ስለዚህ ቀለሙ መድመቁ ብቻ አይበቃም፣ ከክሩ ጋር የሚያጣብቀው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፐርማነንት ማርከር በአልኮል የተበጠበጠ ቀለም ነው። ሲደርቅ ውኃ ቶሎ አያስለቅቀውም፤ አልኮል ያለበት የእጅ ሳኒታይዘር ግን ያስለቅቀዋል፣ ሳሙና፣ መታሸትና ፀሐይ ደግሞ ቀስ በቀስ ያደበዝዙታል። ለጨርቅ ተብሎ የተሠራ ብዕር ወይም ቀለም ግን ሲደርቅና ሲሞቅ ክሩን ይዞ የሚቀር ማጣበቂያ አለው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ለሚሸጥ ልብስ ግን እሱን ምረጡ።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ጥጥ እመርጣለሁ። የሳልባጅ ልብስ ላይ ምልክቱ ከሌለ በስፌቱ ውስጠኛ በኩል ካለው ከራሱ ከጨርቁ ጠርዝ አንድ ክር መዝዤ አቃጥላለሁ፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። አዲሱን ልብስ ከመሳሌ በፊት አጥባለሁ፤ ፋብሪካው የቀባው ማጠንከሪያ ካልለቀቀ ቀለሙ ከክሩ ጋር አይገናኝም። ከሳልኩ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን አደርቀዋለሁ። ከዚያ ገልብጬ ወይም ስስ ጨርቅ ደርቤ፣ ያለ እንፋሎት፣ ካውያውን እያንቀሳቀስኩ ለጥቂት ደቂቃ እተኩሰዋለሁ። መብራት ከሌለ የከሰል ካውያም ይሆናል፤ ዋናው ሙቀቱ ነው፣ አመዱ እንዳይረግፍበት ብቻ ተጠንቀቁ። ጨውና አቼቶ ውስጥ መዘፍዘፍ የሚሉ አሉ፤ እነዚህ ማርከርን ጥጥ ላይ አያጣብቁትም።

ለገዢ ደግሞ አፍ አውጥቼ እነግራለሁ፦ ሦስት ቀን ሳይሞላው አይታጠብ፤ ተገልብጦ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፤ ሥዕሉ ላይ ብሩሽ አይደረግ፤ በረኪና አይንካው፤ ጥላ ላይ ይሰጣ።

አዲስ ቀለም ስገዛ ከአንድ ጨርቅ ሁለት ቁራጭ እቆርጣለሁ፣ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት አበባ እስላለሁ። አንዱን አስቀምጣለሁ፤ ሌላውን ላህ ወንዝ ወርጄ እንደ ገጠሩ አሥር ጊዜ አጥበዋለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሰፍቼ ለገዢ አሳያለሁ። ለእኚያ እናትም ያሳየሁት ይህንኑ ነው። የታጠበውን በአውራ ጣታቸው አሸት አድርገው፣ «ትንሽ ፈዟል» አሉ። «አዎ እማማ፣ ይፈዛል፣ ግን አይጠፋም» አልኳቸው። ገዙኝ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሻጭ የዕቃውን ጉድለት መደበቅ በዲናችን እንደማይፈቀድ ሁላችንም ተምረናል። በእጅ የተሳለ ልብስ ጉድለቱ ሲሸጥ አይታይም፤ የሚታየው ገዢው ቤቱ ገብቶ ውኃ ሲነካው ነው። ማንም ሳያየን የምንፈትናት ያቺ ቁራጭ ጨርቅ አማናችን ናት። አላህ በሪዝቃችን በረካ ያድርግልን።